የጭድ ጥጃው እምቢ ሲል

ደብረ ታቦር ገበያ ገብታችሁ ስሜን ብትጠሩ «የትኛው ዋልልኝ? ውሸታሙ?» ይሏችኋል። ስም ማጥፋት ነው። እኔ የማወራው ሁሉ ሲነሣ እውነት ነው፤ መንገድ ላይ ይወፍራል እንጂ። የአህያዬን ጥላ ነገር ውሰዱ። አንድ የጥር ቀን ጉና ተራራ ሥር ስናልፍ ነፋሱ የአህያዬን ጥላ ከእግሯ ሥር ገፎ ወሰደው። ያለ ጥላ ነድቼ ቤቴ አስገባኋት። ኋላ ባጠያይቅ ጥላው ይፋግ ወርዶ፣ ከሞቃቱ ሜዳ ላይ ዋርካ ሥር ተጋድሞ ተገኘ። «ወደዚያ ብርድ አልመለስም» አለ አሉ። ይህን የማያምን ሰው የጉናን ነፋስ አያውቀውም።

ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልተከተልሁት። ሥራዬ ሞባይል መጠገንና በሰው ስልክ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይጠናል። የዚያችን ሱቅ ግማሽ የያዘችብኝ የአክስቴ የፈንታነሽ ልጅ፣ አሰለፈች ናት።

አሰለፈች ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። እዚያ የአሠሪዋ ልጅ ኮምፒውተር ታጠና ነበርና፣ አሰለፈች አጠገቧ ሸሚዝ እየተኮሰች ታዳምጣለች። ልጅቱ ሰነፍ ስለነበረች አስተማሪዋ አንዱን ነገር ደጋግሞ ይነግራታል፤ ሳይገባት ይቀራል፣ ለተኳሿ ይገባታል። ሌላው ከዐረብ አገር ወርቅ አጥልቆ ይመጣል፤ እሷ አሮጌ ላፕቶፕ በሻሽ ጠቅልላ መጣች። እዚህ ኮሌጅ ገብታም የጎደላትን ሞላች። ቃሏ አንድ ነበር፦ «ሁለተኛ የሰው ቤት ደወል ሲጠራኝ አልነሣም።»

የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው ገሳይ ከተማ ላይ ነው። ዶክተር ማስተዋል የሚባል ወጣት የከብት ሐኪም የግል ክሊኒክ ከፍቶ ነበርና፣ የየገበሬው ከብት መቼ እንደተከተበ፣ ምን እንደታመመ የሚይዝ ፕሮግራም ሥሪልኝ አላት። ለእያንዳንዱ ከብት አንድ ፋይል፤ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ፎልደር።

አሰለፈች ደግሞ የሠራችውን ሳትፈትን ለሰው አትሰጥም። ፕሮግራሙን ቆራርጣ እያንዳንዱን ቁራጭ የሚጠይቅ ትንንሽ ፈተና ትጽፋለች፤ ቴስት ነው የምትለው። መልሱ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል፣ ሲሳሳት ቀይ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በገዛ ጉዳቴ ነው። አንድ ጠዋት የሱቄን ኮምፒውተር ብከፍት ባዶ።

«አሰለፈች፣ ዘፈኖቼ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«ሁሉም!»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ‹ፎልደሩ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል?› የሚል ፈተና ጽፋ በእኔ ኮምፒውተር ላይ አስነሥታው ኖሯል። ፈተና ታዛዥ ነው፤ ፎልደር አጥፋ ተባለ፣ አጠፋ። የእሷን ነበር ሊያጠፋ፣ በስም ተሳስቶ የእኔን አጠፋ። ያን ቀን ዘፈን ሊያስጭን የመጣ ሁሉ የእኔን ልቅሶ ጭኖ ሄደ።

«ከእንግዲህ በእውነተኛ ዲስክ ላይ አልፈትንም» አለች። «የውሸት ዲስክ እሠራለሁ።»

ጆሮዬ ቆመ። «የምን?»

«የውሸት። ኮድ ነው እንጂ ዲስክ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ግን ዲስክ ይመስለዋል። ‹ይህን ፋይል ክፈት› ይለዋል፣ ‹ከፈትሁ› ይለዋል። ‹ጻፍ› ይለዋል፣ ‹ጻፍሁ› ይለዋል። የሚከፈትም የሚጻፍም ነገር የለም። የሚጠፋ ዘፈንም የለም።»

«ይህማ የእኔ ሙያ ነው!»

«ያንተ ውሸት ልጓም የለውም። የእኔው ያዘዝሁትን ብቻ ነው የሚዋሽ።»

እንዳለችውም ሠራችው። ግን ሰው የሚሠራው ነገር ሠሪውን ይመስላል። አሰለፈች ታላቅ ሲጠራት «እሺ» እያለች ያደገች፣ ኩዌትም በዐረብኛ «እሺ» ስትል የኖረች ናት፤ ዲስኳም እንደሷ ጨዋ ሆነ። ክፈት፤ እሺ። ጻፍ፤ እሺ። አጥፋ፤ እሺ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባል የለ? ፈተናው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ላፕቶፑ የመስከረም ሜዳ መሰለ። ፕሮግራሙን ይዘን ገሳይ ሄድን፣ ጫንንለት፣ ዶክተሩም መረቃት።

እስከዚያ የተረገመ የገበያ ቀን ድረስ ደህና ሠራ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ እኔና አሰለፈች ሥራውን ልናይ ክሊኒኩ ገብተን ቆመናል። አያ ሙላቴ ዳልቻ በሬያቸውን ይዘው መጡ። ምላሳቸው እንደ ጉና ብርድ አጥንት የሚዘልቅ ሽማግሌ ናቸው። ዶክተሩ በሬውን የአባሰንጋ ክትባት ወጋው፣ ገብቶ ጻፈ፣ ኮምፒውተሩም «ተጽፏል» አለ። ወዲያው መብራት ሄዶ ተመለሰ። አያ ሙላቴ በሬውን ከአጥሩ አስረው ገቡና፣

«ዶክተር፣ ቀጣዩ መቼ ነው? አይተህ ንገረኝ» አሉ።

ዶክተሩ ፈለገ። ደግሞ ፈለገ። ፊቱ ተለወጠ። «የለም።»

«ምኑ?»

«በሬው። ኮምፒውተሩ ላይ የለም። የድሮውም የአሁኑም ጠፍቷል።»

አያ ሙላቴ በበሩ አሻግረው አዩ። ዳልቻው ቂጡን ለእኛ ሰጥቶ አጥሩን ያሻሻል። «እኔ ይታየኛል» አሉ። «እንግዲህ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው የምደብቀው።»

ደጅ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ የተወጋውን ብትደግሙብኝ፣ ያልተወጋውን ብታልፉብኝ፣ አባሰንጋ ቀልድ አያውቅም። አንድ በሬ ሲሞት ቤት ነው የሚፈርሰው።»

ዶክተር ማስተዋል አሰለፈችን ወደ ጥግ ጠራት። «እህቴ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ። በሽታ ግን ከእኔ ጋር አይደራደርም። እስከ መጪው ቅዳሜ ልጠብቅሽ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው የወረቀት ካርዴ እመለሳለሁ።»

በሚኒባስ ስንመለስ ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ መሰረት ከኩዌት የላከችው ድምፅ ነው። ሚኒባሱ ጠባብ ስለሆነ ሳልፈልግም ሰማሁ፤ ብፈልግም እሰማ ነበር። «አሱዬ፣ የመምጫ ወረቀትሽ ተሠርቶ አልቋል። የምትቀጥርሽ ሴትዮ ደግ ናት፣ ልጆቿም አድገዋል። እስከ ቅዳሜ ካልመለስሽልኝ ለሌላ ነው የምትሰጠው። እዚያ ምን አለሽ? እስቲ አስቢበት።»

«ምን ትያታለሽ?» አልኋት።

በመስኮቱ እያየች መለሰች። «ቅዳሜ እነግራታለሁ። ፕሮግራሙ ከቆመ እቆማለሁ። ከወደቀ እሄዳለሁ። ሰው እያሳሳትሁ እዚህ አልቀመጥም።»

ልቀልድ አፌን ከፈትሁና ፊቷን አይቼ ዘጋሁት። ይህ በእድሜዬ ሁለት ጊዜ አልደረሰብኝም።

በማግሥቱ እሑድ አክስቴ ፈንታነሽ ዘንድ ወጣን፤ ቤታቸው ወደ ጉና በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አሰለፈች ላፕቶፑን ደጁ ላይ ከፍታ ፈተናዎቹን ደጋግማ ታስኬዳለች። አረንጓዴ። ደግሞ አረንጓዴ። «ሁሉም ልክ ነው ይላል» ትላለች ጥርሷን ነክሳ። «በሬው ታዲያ የት ገባ?»

አክስቴ በዚህ መሐል ላሟን ሊያልቡ ተነሡ። ጥጃዋ በክረምቱ ሞታባቸው ነበር። ላም ደግሞ ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አትሰጥም፤ እንዲህ ሲሆን የእኛ አገር ሰው የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ሞልቶ ይሰፋዋል። አክስቴ የጭድ ጥጃውን ከጓዳ አውጥተው ጨው ነሰነሱበትና ላሟ ፊት አቆሙት። ላሟ ላሰችው፣ አሸተተችው፣ ወተቷን ለቀቀች።

«እታታ፣ ጌጡን ያስታውሱታል?» አልኋቸው። ጌጡ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ከተማ ያደገ ጎረምሳ ነው። «ማለብ የተማረው በዚህች ላምና በዚህ የጭድ ጥጃ ነው። አይራገጥ፣ አይጠባ፣ ገመድ አይጎትት! ጌጡ ‹አላቢ ሆንሁ› ብሎ አገር አስወራ። ኋላ አማቶቹ ዘንድ ሄዶ ነፍስ ያለው ጥጃ ቢያስይዙት፣ ጥጃው በግንባሩ ደረቱን አለው፣ ማለቢያውን ደፋው፣ ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ እየጎተተ ገሳይ አደረሰው። ሲመለሱ በሚኒባስ ነው የመጡት፤ ጥጃው መስኮት በኩል ተቀምጦ።»

«አንተ ልጅ፣ የጎተተው እስከ በሩ ነው» አሉ አክስቴ ከሥር ሆነው እያለቡ። «ግን እውነቱን ነው፣ አማቶቹ ፊት አፈረ። ምን ያድርግ? የጭድ ጥጃ ወተት ያስወርዳል እንጂ ሰው አያስተምር። እምቢ ብሎት አያውቅ።»

አሰለፈች ጣቷ ቆመ። የጭድ ጥጃውን አየች። ላፕቶፑን አየች።

«የእኔም ዲስክ እምቢ ብሎ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ብድግ አለች። «ዋሌ! ዲስኩን ሁልጊዜ እሺ እንዲል አድርጌ ነው የሠራሁት። ፕሮግራሜ እምቢታ ሰምቶ አያውቅም። እምቢ ሲሉት ምን እንደሚያደርግ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ። ነገ ሱቅህን ትዘጋለህ። ሥራ አለህ።»

«የምን ሥራ?»

«መዋሸት።»

አክስቴ ከላሟ ሥር ቀና አሉ። «በልጄ ሥራ እንዳትቀናባት ስጸልይ ነበር» አሉ፤ «ለካ አንተም ሥራ ይገኝልሃል።»

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ቆልፈን ተቀመጥን። ለውሸት ዲስኩ በኮዱ ውስጥ ስም አወጣችለት፦ ዋልልኝ። «አንተ ዲስክ ነህ» አለችኝ። «ፕሮግራሙ ‹ጻፍ› ይልሃል። እሺ እንዳትለኝ። ያሰኘህን ምክንያት ስጠኝ፤ እኔ ዲስክ የሚለውን እመርጣለሁ።»

እንዲህ ያለ ሹመት ሰጥቶኝ የሚያውቅ የለም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጅብ በላኝ።»

«ዲስክን ጅብ አይበላውም። ቀጥል።»

«ሱባዔ ገባሁ። ጣና ደሴት ላይ ነኝ፤ ከፋሲካ ወዲህ አትፈልጉኝ።»

«እሱ ይሆናል። ዲስኩ ከቦታው የለም፤ ፍላሹ ተነቅሏል ማለት ነው።» ጻፈችው። «ሌላ?»

«ቤቴ ሙሉ እንግዳ ነው። መደቡም ቆጡም ተይዟል፣ ድመቷም ደጅ ነው ያደረች።»

«ቦታ የለም። ጎሽ! ሌላ?»

«አንተን አላውቅህም። ሽማግሌ ይዘህ ተመለስ።»

«ፈቃድ የለህም ማለት ነው። ሌላ?»

«ግማሹን ጻፍሁ፤ ከዚያ ማዕበል መጣና እስክሪብቶዬን ዓሣ ዋጠው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ግማሽ መጻፍ። ዋሌ፣ አንተን ትምህርት ቤት ያባረረህ ሰው ይጸጸት ይሆን?»

«አላባረረኝም፤ ጠፍቼ ነው።»

እያንዳንዷን ውሸት ፈተና አደረገቻት። ስታስኬዳቸው ላፕቶፑ የበርበሬ ስጥ መሰለ፤ ቀይ በቀይ። ፕሮግራሟ ዲስኩ እምቢ ሲለው አንዱን ጊዜ ዝም ይላል፣ አንዱን ጊዜ ተዘርሮ ይወድቃል፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ «ተጽፏል» ብሎ ለዶክተሩ ይዋሻል። እኔ ሳየው አዘንሁ፣ እሷ ግን ደስ አላት። «አሁን የታመመበትን አየሁ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። አንዱን ቀይ ይዛ አረንጓዴ ሳታደርገው ወደ ሌላው አትሄድም። ቆሎ አመጣሁላት፣ ሳታየው በላችው። ሰው በሩን ደበደበ፣ አልሰማችም። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። እምቢታ በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ለዶክተሩ በግልጽ አማርኛ «አልተቀመጠም» እንዲል፣ የነበረውንም እንዳይነካ አድርጋ አስተካከለችው።

ሐሙስ ላይ ግን እጇን አጣጥፋ ቆመች። «የአያ ሙላቴ በሬ ከእነዚህ በአንዱም አልጠፋም» አለች። «ዲስኩ እምቢ አላለም። ዶክተሩ ‹ተጽፏል› የሚለውን በዓይኑ አይቷል። ዋሌ፣ የቀረ ውሸት አለህ። አስብ።»

ኧረ አለቀብኝ! እኔ ውሸት ሲያልቅብኝ አስቡት። አየር ልወስድ በሩን ከፈትሁ። ፊት ለፊታችን ልብስ ሰፊው ይሻው የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ተቀምጧል። አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ ከፊቱ ቆማለች።

«ቀሚሴስ?»

«አልቋል እኮ!» ይላል ይሻው። «ቁልፍ ብቻ ናት የቀረችው። ሲመሽ ውሰጂ።»

ጨርቁ ገና ሳይቀደድ፣ እንደታጠፈ ከኋላው መደርደሪያ ላይ ነው። ሴትዮዋ አመስግና ሄደች።

ሳቄ መጣ። «አሰለፈች፣ ነይ እይ። እኔ ሳስብ የከረምሁት የእምቢታ ውሸት ነው። የውሸት ንጉሥ እምቢ አይልም፤ ‹አልቋል› ብሎ መደርደሪያ ላይ ይተወዋል።»

አሰለፈች ይሻውን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ተምሬው ነበር'ኮ! ዲስክ እንደዚህ ያደርጋል። ‹ጻፍሁ› ይላል፣ ግን በእጁ እንደያዘው ነው፤ ሲመቸው ነው የሚያወርደው። በዚህ መሐል መብራት ከሄደ እጁ ላይ ያለው ይበተናል።»

«እሺ፤ አዲሱ ይበተን። የድሮውስ ለምን ጠፋ?»

«እሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አዲሱን በድሮው ላይ ነዋ የምጽፈው።» ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «አዲሱ ጎታ ሳይደርቅ የድሮውን አፍርሼ እህሉን ሜዳ ላይ አፈሰስሁት። እናቴ ብታየኝ በማማሰያ ትለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። መጀመሪያ የውሸቱን ዲስክ፣ ስሜን የተሸከመውን፣ የይሻውን ጠባይ አስተማረችው፤ «ጻፍሁ» ይልና መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይበትናል። ፈተናውን አስኬደች። ቀይ፤ የአያ ሙላቴ በሬ እዚያው ፊታችን ላይ እንደገና ጠፋ። «አገኘሁህ» አለችው። ቀጥላ ፕሮግራሙን ለወጠች። አዲሱን ከድሮው ጎን ይጽፋል። ዲስኩን «በእጅህ ነው ወይስ አስቀምጠኸዋል?» ብሎ አጥብቆ ይጠይቃል፤ እስኪያስቀምጥ ይጠብቃል። መልሶ አንብቦ ሙሉ መሆኑን ያያል። ያኔ ብቻ የድሮውን ስም ለአዲሱ ይሰጠዋል። «ተጽፏል» የሚለውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀይ። አረመች። ቀይ። አረመች። ዓርብ ቀትር ላይ አረንጓዴ በራ።

ልጨፍር ተነሣሁ፣ እሷ ግን አልተነሣችም። «አረንጓዴ ድሮም በርቶልኝ ነበር» አለች። የጠገነችውን በገዛ እጇ መልሳ አበላሸችውና ፈተናዎቹን አስኬደች፤ ቀይ ሆኑ። «ደህና፤ ይይዛሉ። ሳይይዙ ቢቀሩ ጭድ ናቸው።» ጥገናዋን መለሰች፤ አረንጓዴ። እያንዳንዱን እንዲህ እያበላሸች እየመለሰች አየችው። እኔ በቁሜ ደከምሁ።

ቅዳሜ ገሳይ ስንደርስ የክሊኒኩ ደጅ ሞልቷል። የጠፋው በሬ ወሬ ቀድሞን ደርሷል፤ በሬው ራሱም ደርሷል። ዳልቻው ቀንበር ማጅራቱን ልጦት ለሕክምና ነው የመጣው። የታረመውን ፕሮግራም ጫንንለትና ዶክተር ማስተዋል ያለፈውን ሳምንት ክትባት አስገብቶ ጨረሰ።

እኔ ለሕዝቡ ማስረዳት ጀመርሁ። «አሁን አትሥጉ፤ ይህን ኮምፒውተር ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ ያስተማርኸው?» አሉ አያ ሙላቴ። «በሉ በሬዬን ስጡኝ፣ ልሂድ።»

አሰለፈች ጣልቃ ገባች። የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ እስከ ግድግዳው በጣቷ ተከትላ መሰኪያውን አሳየቻቸው። «አያ ሙላቴ፣ እዚህ ይቁሙልኝ። ዶክተሩ ሲጽፍ፣ ደስ ባለዎት ሰዓት ይንቀሉት። አይንገሩኝ። እንዲያው ይንቀሉት።»

ዶክተሩ ደነገጠ። «አሰለፈች፣ ምን ነካሽ?»

«መብራት ሲሄድ አስፈቅዶ አይሄድም፣ ዶክተር።»

አያ ሙላቴ በትራቸውን ለሰው አስያዙና መሰኪያውን ጨበጡ። ዶክተሩ ‹ማጅራት፣ ቁስል› ብሎ ጻፈና ‹አስቀምጥ› የሚለውን እንደተጫነ፣ ድርግም። ጨለመ። ሽማግሌው ፈጥነው ነቅለውታል።

እንደገና ሰካነው። ያ ኮምፒውተር ሲነሣ እንደ ሽማግሌ አህያ ነው፤ ያስባል። ደጅ ያለው ሕዝብ አንገቱን አስግጓል። ዳልቻውም ራሱን በበሩ አስገብቶ ያያል። አሰለፈች አልተቀመጠችም፤ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ጠምጥማ ቆማለች።

ተነሣ። ዶክተሩ አነበበ። «በሬው አለ! ክትባቱም አለ። ቁስሉ ግን የለም። ከሥር ደግሞ... ‹የመጨረሻው አልተቀመጠም፤ እባክዎ ይድገሙት› ይላል።»

«እንዴት? እንዴት?» አሉ አያ ሙላቴ። «ያላደረገውን አላደረግሁም አለ?»

«አዎን።»

«በገዛ አፉ?»

«በገዛ አፉ።»

ሽማግሌው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ከዚህስ አልተማረውም» አሉ። ገመዱን ግን አልለቀቁም። «ያለፈው ቅዳሜ እንዲህ አልነበረም። ተጽፏል ካላችሁ በኋላ ነው የካዳችሁኝ። ጻፍ ልጄ። ያቺን ቃል ስታያት ጩኽ።»

ዶክተሩ ደገመው። ቁስሉን ጻፈ፣ መድኃኒቱን ጻፈ፣ ተጫነ።

«ተጽ...» ሲል፣ ድርግም።

አሰለፈችን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት መስሎኝ ብጠጋ «ከጎኑ ጻፍ፣ አስቀምጥ፣ መልሰህ አንብብ፣ ስም ለውጥ» ትላለች። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ አሰበ፣ ከፈተ። ዶክተሩ ተጎንብሶ አየ፤ ቀና ሲል ፈገግ ብሎ ነበር።

«ዳልቻ፣ የአያ ሙላቴ። አባሰንጋ፣ ያለፈው ቅዳሜ። የማጅራት ቁስል፣ ዛሬ። ሁሉም አለ።»

አያ ሙላቴ በሬያቸውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ። «እንግዲህ ከግብር ሰብሳቢ የምደብቅበት አጣሁ» አሉ። ከዚያ ለምርቃት አንዴ ደገሙና ነቀሉት። በሬው አልጠፋም። ሌላውም ገበሬ እኔም ልንቀል እኔም ልንቀል ብሎ ተሰለፈ፤ በግ ይዞ የመጣ አንድ ጎልማሳ በጉን ጥሎ ተጋፋ። በመጨረሻ ዶክተሩ «ኧረ ግድግዳውን ልትነቅሉት ነው!» ብሎ ገመዱን ቀማቸው።

ሕዝቡ ሲሳሳ ዶክተር ማስተዋል አሰለፈችን ጠራት። «ካርዶቹን አሥሬ ቆጥ ላይ እሰቅላቸዋለሁ» አላት። «አብሮኝ የተማረ ይፋግ ላይ ክሊኒክ ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ሰኞ እንዲደውልልሽ እነግረዋለሁ።»

በሚኒባሱ ስንመለስ ስልኳን አወጣች። ድምፅ ለመቅዳት ወደ አፏ አስጠጋችው።

«መሲ፣ ደህና ነሽ? ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጪው። ሴትዮዋን አመስግኝልኝ። እዚህ ምን አለሽ ብለሽኝ ነበር፤ ሥራ አለኝ። እምቢ ማለት የሚያስተምረኝ ሰውም አግኝቻለሁ፤ ስትመጪ አሳይሻለሁ።»

ላከችውና ስልኩን ጉያዋ ከተተች። እኔ ስለ እኔ የተወራ ስለመሰለኝ ደረቴን ነፋሁ። እሷ ወዲያው ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች፤ ሚኒባሱ ያንገጫግጫታል፣ ግድ አልሰጣትም።

«ይፋግ ቆላ ነው» አለች። «አቧራም ሙቀትም አለ። ዋሌ፣ እንዲህ ባለ አገር ዲስክ ምን ብሎ ይዋሻል?»

«ሳላየው አልናገርም» አልሁ። «ሄጄ አገሩን ላጥና። የአህያዬ ጥላም እዚያው ነው ያለ፤ እግረ መንገዴን አነጋግረዋለሁ።»

«እምቢ ካለህ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ምን ብሎ እምቢ እንዳለ ቃል በቃል ይዘህልኝ ና።»